ስለ መብራትና ስለ ምጣድ፤ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ

ሰው ያለ እሳት አይበላም፤ ያለ ብርሃንም በሌሊት አይማርም። ስለዚህ የአንድ አገር ሕዝብ የኑሮው ደረጃ የሚታወቀው በሚበላው እህል ብቻ ሳይሆን፥ እህሉን በሚያበስልበትና ቤቱን በሚያበራበት ነገር ጭምር ነው። እሳቱን ከገዛ አገሩ ከማያልቅ ምንጭ የሚያገኝ ሕዝብ የታደለ ነው። ከሩቅ አገር በገንዘብ የሚገዛ ግን ዋጋውን ሌላ ይወስንለታል፤ ከእርሻው ነጥቆ የሚያነድም የነገውን እንጀራ ዛሬ ያቃጥላል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፥ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የሚኖረው ገበሬ እነዚህን ሁለቱን የኋለኞቹን ችግሮች ባንድነት ተሸክሞ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ሹማምንትም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ይህ አገር ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥቶ እስከ ዐባይና እስከ በሽሎ በረሃ የሚወርድ ነው። ጉና ከባሕር ወለል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን፥ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይፈስሳሉ። በደጋው ብርድ ይጸናል፤ በቆላው ፀሐይ ይበረታል። የጥንቱ ደን በእርሻና በማገዶ ብዛት ስላለቀ፥ ዛሬ የሚታየው ዛፍ በአብዛኛው በየጓሮው የተተከለው ባሕር ዛፍና በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ተጠብቆ የቀረው ያገር ዛፍ ነው። ስለዚህ እንጀራ በመሶብ እንዲቀርብ እናትና ልጅ ጭራሮ ለመልቀም ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፤ እንጨት ሲጠፋም እበቱን ጠፍጥፈውና አድርቀው ኩበት ያነድዳሉ። ማታ ከኤሌክትሪክ መሥመር በራቀው ጎጆ ላምባ የተሞላ ኩራዝ ይበራል፤ ከመሥመር የራቀውም ወፍጮ በናፍጣ ሞተር ይፈጫል።

ላምባውና ናፍጣው ከየት እንደሚመጡ ማሰብ ይገባል። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ቤንዚን፥ ናፍጣና ላምባ ከባሕር ማዶ ገዝታ፥ አብዛኛውን በጅቡቲ ወደብ በኩል ታስገባለች። ከዚያም በመኪና ተጭኖ ንፋስ መውጫ፥ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ እስኪደርስ ድረስ ዋጋው በየመንገዱ ይጨምራል። በ2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መንግሥት ለነዳጅ ሲያደርግ የነበረውን ድጎማ ቀስ በቀስ ማንሣት ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በሩቅ አገር የሚነሣ ጦርነት በስማዳ ያለውን ኩራዝ ሊያጠፋ እንደሚችል የታወቀ ነው።

የኩበቱ ነገር ግን ከላምባው ይልቅ የሚያሳስብ ነው። እበት በፍግነት ወደ እርሻ ቢመለስ መሬቱን ያለሰልሳል፤ ውኃ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ለአዝመራውም ምግብ ይሆነዋል። በምድጃ ሲነድ ግን መሬቱን የሚያለሰልሰው ክፍልና ለቡቃያ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን በጢስ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ዐመድ ብቻ ነው። ገበሬውም ያቃጠለውን መልሶ በገንዘብ በሚገዛ ማዳበሪያ ለመተካት ይገደዳል። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ ምግብ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ውስጥ የገቡ መሆናቸውን ለሚያስታውስ ሰው፥ የምድጃውና የጎተራው ነገር አንድ መሆኑ ይገለጥለታል። ሊቃውንት እንደሚያውቁት፥ በነቢዩ በሕዝቅኤል መጽሐፍ እንጀራን በከብት ኩበት መጋገር የተነገረው የከበባና የጭንቅ ዘመን ምልክት ሆኖ ነው። በነቢዩ ዘንድ የመከራ ምልክት የነበረው በዚህ አገር የዘወትር ልማድ ሆኖ መቅረት አይገባውም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው ቢባል፥ አስቀድሞ መብራትና ምጣድ አንድ አለመሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

ለመብራት ፀሐይ ትበቃለች። አንዲት ትንሽ የሶላር ሰሌዳ ቀን ከፀሐይ የሰበሰበችውን ኀይል በባትሪ አስቀምጣ ማታ ቤቱን ታበራለች፤ ጢስ የላትም፤ ላምባም አትጠይቅም። የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያ የሆነችው የጋይንቷ ቤተልሔም የምትገኘው በዚህ አገር ነው፤ ተማሪው በጎጆው ሆኖ ቀለሙን በሌሊት ሲቀጽል ዐይኑን ከኩራዝ ጢስ ማዳን ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የሶላሩ ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። የሚጠግነው ባለሙያና የሚተካው ዕቃ በወረዳው ከተማ ካልተገኘ ሰሌዳው በጣሪያ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤቱም ወደ ኩራዙ ይመለሳል።

ለምጣድ ግን ትንሿ ሰሌዳ አትበቃም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋግር ከ3 ኪሎ ዋት ያላነሰ ኀይል ስለሚፈልግ፥ ለመብራት የተሠራች ሰሌዳ ልትሸከመው አትችልም። ስለዚህ መሥመር ባልደረሰበት ስፍራ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ሙቀቱ እንዳይባክን ስለሚያደርግ፥ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ያተርፋል፤ የሚሠራውም ከሲሚንቶና ከአሸዋ ስለ ሆነ በየወረዳው ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ባዮጋዝ ነው። እበት ከውኃ ጋር በእኩል ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይሰጣል። የሚተርፈው ዝቃጭም ጥሩ ማዳበሪያ ስለሚሆን፥ እሳቱ በምድጃ፥ ፍጉ በእርሻ ይውላል ማለት ነው። ነገር ግን አራት ያህል ከብትና በየቀኑ ውኃ ይጠይቃል፤ ብርድም ሲበዛ መብላላቱ ይዘገያል። ስለዚህ ከጉና ብርዳም ትከሻ ይልቅ ውኃ ለቀረበው ለእስቴና ለስማዳ ወይና ደጋ ይስማማል። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዕራፍ በአራት ክልሎች 14,000 ጉድጓዶች እንዲሠሩ ታቅዶ፥ የተሠራው ከ8,000 ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ምድጃውም ወጥ ለመሥራትና ቡና ለማፍላት እንጂ ሰፊውን ምጣድ ለማጋል የማይመች ስለ ነበር፥ ባለቤቶቹ እንጀራ ለመጋገር ወደ እንጨትና ወደ ኩበት ለመመለስ ተገደዱ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ለሕዝብ የሚሰጥ መሣሪያ የሕዝቡን ዋና ምግብ የማያበስል ከሆነ ግማሽ ሥራ መሆኑን ነው።

የትልቁም የኀይል ምንጭ ነገር አይዘነጋም። ከጢስ ዐባይ ፏፏቴ ኤሌክትሪክ መውጣት የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት ተመረቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከጉና የሚወርደው ውኃ በጣና በኩል፥ ከጋይንትና ከስማዳ የሚወርደውም በበሽሎና በየገደሉ በኩል ወደዚያው ወደ ዐባይ ይገባል። ውኃውን የሚሰድደው አገር ከብርሃኑ እንዲካፈል መፈለጉ የተገባ ነው። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ራሱ ከሕዝቡ 65 በመቶው በመሥመር፥ 35 በመቶው ግን ከመሥመር ውጭ በሶላርና ይህን በመሰለው እንዲዳረስ ያሰበ ነበር። ገደል ለገደል ተራርቆ ለሚኖር መንደር መሥመሩን ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ ከዚህ ይታወቃል። መሥመር በደረሰበት ቀበሌ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የናፍጣውን ወፍጮ ወደ ኤሌክትሪክ ማዛወር ይገባል፤ ጥቅሙ ለቀበሌው ሁሉ በየዕለቱ የሚደርስ ነውና።

በዚህ ሥራ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ትልቅ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣ ጥናት በደቡብ ጎንደር ከሚገኙት 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሯል። አባቶች ባይጠብቁት ኖሮ ይህ ሁሉ ማገዶ ሆኖ ባለቀ ነበር። ዛፉን በቅጥሩ ውስጥ የጠበቀ ካህን፥ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ምእመን እበቱን ወደ እርሻው እንዲመልስና ምርጥ ምድጃ እንዲሠራ ቢመክር ቃሉ ይሰማል። ሕዝቡ ከደብዳቤ ይልቅ የንስሐ አባቱን ምክር ይቀበላልና።

የሹማምንት ድርሻ ደግሞ ቍጥሩን ማቅናት ነው። በየዓመቱ ይህን ያህል ሶላር ታደለ፥ ይህን ያህል ጉድጓድ ተቈፈረ ተብሎ መጻፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ይበራል፥ ስንቱስ ይነድዳል ተብሎ ካልተጠየቀ መዝገቡ ሲሞላ ጎጆው ይጨልማል። በየወረዳው ጥቂት ወጣቶችን ባትሪና ምድጃ መጠገን አስተምሮ፥ መለዋወጫውን በቅርብ ገበያ ማኖር፥ አዲስ ዕቃ ከማደል የሚበልጥ ሥራ ነው። ፀሐዩ፥ ውኃውና እበቱ የዚህ አገር ሀብት ናቸው። እነዚህን በጥበብ የያዘ ገበሬ መብራቱን ከባሕር ማዶ አይለምንም፤ የልጁንም እንጀራ በምድጃው አያቃጥልም።