ማገገም ሥራ መፍታት አይደለም

"ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ" የሚለውን ምክር ያልሰማ የከተማ ነዋሪ የለም ለማለት ይቻላል። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተጽፎ አንብበነዋል፤ በሬዲዮም ደጋግመን ሰምተነዋል። ምክሩ የሚናገረው ከበሽታ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ከበሽታ በኋላ ስላለው ጊዜ፣ ማለትም ትኩሳቱ ለቆ ጉልበት ገና ሳይመለስ ስለሚያልፉት ሳምንታት ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። በተለይ ታማሚዋ የቤት እመቤት ወይም ሠራተኛ እናት ስትሆን ይህ ጊዜ ጭራሽ እንደሌለ ይቆጠራል። ትኩሳቷ በለቀቃት ማግስት ጎረቤት "እንኳን ማረሽ!" ይላታል፤ እርሷም "ተመስገን" ብላ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ማድ ቤት ትገባለች።

ይህ የሚሆነው ኅብረተሰባችን የዕረፍትን ጥቅም ስለማያውቅ አይደለም። አራስን እንዴት እንደምንይዝ ማየት ይበቃል። አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎው ይገነፋላታል፤ አጥሚቱ ይቀርብላታል፤ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ፣ ብርድ እንዳይመታት ሁሉም ይጠብቃታል። ጎረቤቱና ዘመዱ ተራ ገብቶ ቤቷን ይይዝላታል። ለመሆኑ ይኸው እንክብካቤ ከሳንባ ምች ወይም ከታይፎይድ ለተነሣች እናት ለምን አይደርሳትም? እርሷም እኮ ደሟና ጉልበቷ አልቆ የተነሣች ናት።

ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ያጋጠመኝ የሳንባ ምች ነው። ሐምሌ ሲገባ ታመምኩ፤ የተነሣሁት ደግሞ አደይ አበባ በየመንገዱ መሸጥ ሲጀምር ነው። በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ ያሳለፍኩት ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ እያዳመጥኩ፣ ባሰኘኝ ጊዜ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ፊልም እያየሁ ነበር። ለብዙ እናቶች ይህ የቅንጦት ኑሮ ሊመስል ይችላል። በመሠረቱ ግን ሐኪሟ ካዘዘችልኝ መድኃኒት የሚለይ ነገር አልነበረም።

ጉልበት የሚመለሰው በስንት ጊዜ ነው?

የሳንባ ምች የሳንባን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የሚያቆስልና ፈሳሽ እንዲሞላቸው የሚያደርግ በሽታ ነው። ተገቢው ሕክምና ከተደረገ ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ሰዎች "ዳነች" የሚሉት በዚህን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ የደረት ሕመሙና አክታው በደንብ እስኪቀንስ 4 ሳምንት ያህል፣ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ እስኪቀንስ ደግሞ 6 ሳምንት ያህል ይወስዳል። በ3ኛው ወር አብዛኛው ምልክት ቢጠፋም ድካሙ ሊቆይ ይችላል። አንዳንዶች ወደ ቀድሞ ጤናቸው የሚመለሱት እስከ 6 ወር ቆይተው ነው።

እንግዲህ በ8ኛው ቀን እንጀራ ጋግሪ፣ በ10ኛው ቀን ልብስ እጠቢ፣ በ12ኛው ቀን ለታክሲ ተሰለፊ የምትባለው እናት ሳንባዋ ገና ሳይጠግን ነው ሥራ የምትጀምረው። ሰውነቷ አልታዘዝ ሲላት "ሰነፍኩ" ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ስንፍና ግን አይደለም፤ የቆሰለ አካል የሚጠግንበት ጊዜ ነው።

የሚያገግም ሰው ዘወትር ይተኛል ማለትም አይደለም። መጀመሪያ ከአልጋ ተነሥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በቤት ውስጥ መንቀሳቀስ፣ ከዚያም ፀሐይ ብልጭ ስትል ግቢ ወጥቶ ጥቂት መራመድ ያስፈልጋል። በየቀኑ ትንሽ መጨመር፣ ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ ማረፍ ነው ሥርዓቱ።

ሥራው ወደ ማን ይሄዳል?

እናት ስትተኛ የቤት ሥራ አብሯት አይተኛም። ከዚህ ላይ ነው ዋናው ችግር የሚመጣው። ክረምት በመሆኑ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሁሉ ቤት ናቸው። በእኛም ቤት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳይከራከር፣ ሥራው በ12 ዓመቷ ልጄ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሽንኩርት የምትከትፈው እርሷ፣ ሳህን የምታጥበው እርሷ፣ ለእኔ አጥሚት የምታፈላው እርሷ፣ ጠያቂ ሲመጣ ቡና የምትቆላው እርሷ ሆነች። በ2 ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ደግሞ "እማዬ ተሻለሽ?" እያለ ከበር ላይ ይጠይቀኛል፤ ወዲያው ኳሱን ይዞ ይወጣል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ቤቱ እንዲሁ አስለምዶት ነው።

የእናት ዕረፍት በሴት ልጅ ድካም የሚገዛ ከሆነ ዕረፍት ሊባል አይገባውም። በሽታውን ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዋ ማሸጋገር ነው። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን የሳምንቱን ሥራ በወረቀት ላይ ጻፍነው። ምግብ ማብሰል፣ ዕቃ ማጠብ፣ ቤት መጥረግ፣ ገበያ መሄድ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት እየተባለ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ስም ተጻፈ። የአባት ስምም ሆነ የወንድ ልጅ ስም ከወረቀቱ አልቀረም። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ልጄ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያም ካቆመችበት ገጽ መጽሐፏን ማንበብ ቀጠለች።

የቤት ሠራተኛ ያለው ቤተሰብም ቢሆን ነገሩን ለእርሷ ብቻ ጥሎ መቀመጥ አይገባውም። እርሷም የምትደክም፣ እርሷም የምትታመም ሰው መሆኗን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የሕመምተኛ ንባብ

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ መታመም አንድ ድርሰት አውጥታ ነበር። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የሕመም ኑሮ ደራሲያን እንደ ፍቅርና እንደ ጦርነት አብይ ርእስ አለማድረጋቸው ይደንቃት ነበር። የታመመ ሰው ረጅም ዝርው ጽሑፍ እንደሚከብደውና ወደ ግጥም እንደሚያደላም ጽፋለች። ዉልፍ በሕይወት ዘመኗ ደጋግማ የታመመች በመሆኗ የተናገረችው የምታውቀውን ነው።

እኔም ይህንኑ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ አንብቤ መጨረስ አልቻልኩም፤ ዓይኔ በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ሐሳቤ ግን አይከተልም። በዚህን ጊዜ የጠቀመኝ ጆሮ ነው። ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው "ፍቅር እስከ መቃብር" ቅጂው ዛሬም ይገኛል። ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ ለደካማ ሰው መልካም ነው። እንቅልፍ ቢወስድሽ ማንም አይቆጣሽም፤ ካቆምሽበት መልሰሽ መጀመር ነው።

በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት አጫጭር ነገር ማንበብ ቻልኩ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ "መጽሐፈ ትዝታ" እጅግ ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ሲያወጉ በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. ለንባብ ያበቁት መጽሐፍ ነው። የሽማግሌ ወግ ስለሆነ አንዱን ጨዋታ አንብቦ ማረፍ፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላውን መጀመር ይቻላል። ሳል ያለበት ሰው ሳቁን ቢቆጥብ ይሻለው ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ነሐሴ ሲጋመስ ራሱን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ይህን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን፣ ተማሪ ሳለሁ አንብቤው ነበር። ያን ጊዜ የተከተልኩት ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ነው። አሁን ግን የልጅ እናት ሆኜ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው በበዛብህ እናት በውድነሽ በጣሙ ላይ ነው። ልጅን ለስለት መስጠት ለእናት ምን ማለት እንደሆነ በ18 ዓመቴ አልገባኝም ነበር። መጽሐፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠችው አንባቢዋ ናት። እናቶች ድሮ ያነበቡትን መጽሐፍ እንደገና እንዲያነቡ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

በቀን ስንት ገጽ እንዳነበብኩ በማስታወሻዬ ላይ እጽፍ ነበር። 2 ገጽ፣ 5 ገጽ፣ 12 ገጽ፣ 30 ገጽ። ሙቀት መለኪያው "ደህና ነሽ" ካለኝ ከብዙ ቀን በኋላ የጉልበቴን መመለስ የነገረኝ ይህ ቁጥር ነው።

ከቤተሰብ ጋር የሚታይ ፊልም

ዝናብ በሚበዛበት ከሰዓት በኋላ ልጆችን ሰብስቦ ፊልም ማየት ለእናትም ለልጅም ጥቅም አለው። እናት ሳትደክም ከልጆቿ ጋር ትሆናለች፤ ልጆችም በእናታቸው አጠገብ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ።

እኛ ካየናቸው አንዱ "ላምብ" በሚል የእንግሊዝኛ ስም የሚታወቀው የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ቀርቦ ነበር፤ በዚያ ፌስቲቫል ይፋ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ እናቱን በድርቅ ዘመን ያጣ ኤፍሬም የተባለ ትንሽ ልጅ ታሪክ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከሚወዳት በጉ ጋር ዘመድ ቤት ይተወዋል። ልጁ እጁ ለማብሰል የተባ ነው፤ ሳምቡሳ እየጠበሰ በመሸጥ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ያጠራቅማል። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ማድ ቤት መግባቱን ይጠላበታል።

ፊልሙ ሲያልቅ ወንዱ ልጄ "አጎትየው ለምን ተቆጣ? ሳምቡሳውን እኮ ሰው ሁሉ ይገዛዋል" አለ። እኅቱ ምንም አልተናገረችም፤ በጣቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ብቻ አሳየችው። ሁላችንም ሳቅን። በማግስቱ የሠራው ሽሮ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ቢሆንም ተበልቶ አለቀ።

ልጆች ከተኙ በኋላ ደግሞ የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ይህ ፊልም በጀርመን አገር ተምሮ፣ ብዙ መከራ አይቶና አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚመለስ አንበርብር ስለተባለ ሰው ያወሳል። አካሉም መንፈሱም ቆስሏል፤ ትዝታው እየተቆራረጠ ቀስ በቀስ ይመለስለታል። የመንደሩ ሰው ምን እንደ ሆነ ቶሎ እንዲነግረው ሲጠብቅ፣ እናቱ ግን በቤቷ አሳርፋ ትታገሠዋለች። ለልጆች የሚከብድ ትዕይንት ስላለበት ብቻ ማየቱ ይሻላል። የሰው ልጅ መዳን በቀጠሮ እንደማይመጣ ግን በሚገባ ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል?

ደመወዝተኛ እናት "ብታርፍ ምን ትበላለች?" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም መሥራት ሲያቅታት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣታል። የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ የሚቀጥሉት 2 ወራት ከደመወዙ ግማሽ ጋር፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ማቅረብና መቅረትን ቶሎ ለአሠሪ ማስታወቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ መሥሪያ ቤታቸውን መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ፈቃዱ የተሰጠው ለቤት ሥራ አይደለም። በሕመም ፈቃድ ቤት ተቀምጣ በርበሬ ስትቀነጥስ የምትውል እናት ቢሮዋን በማድ ቤት ለወጠች እንጂ አላረፈችም።

ጥቂት ምክር

ከሳንባ ሕመም የምታገግም እናት የሚከተሉትን ብታስብባቸው ትጠቀማለች።

የታዘዘላትን መድኃኒት፣ ቢሻላትም እንኳ፣ ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ ትጨርስ። ለሌላ ቀን ብላ አታስቀምጥ፤ ለጎረቤትም አታካፍል።

በክረምት ብርድ ፈርተን ከሰል ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብተን በርና መስኮት የመዝጋት ልማድ አለን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ለቆሰለ ሳንባ ጭሱም ቢሆን ጠላት ነው። ወፍራም ጋቢና ትኩስ መጠጥ ይሻላል።

ትኩሳቱ ተመልሶ ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት አጥብቆ ከወጋ ወይም አክታ ደም ከቀላቀለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል። ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ይገባል፤ ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

በመጨረሻም ለጠያቂዎች አንድ ቃል አለን። ሕመምተኛን መጠየቅ መልካም ባህላችን ነው፤ ብርቱካኑና ዳቦው፣ ከሁሉም በላይ ፍቅሩ ያጽናናል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛዋ ከአልጋዋ ተነሥታ ለጠያቂዋ ቡና የምታፈላ ከሆነ ጥየቃው ሸክም ይሆንባታል። ስለዚህ እኅቶች፣ የታመመች ጓደኛችሁን ስትጠይቁ ቡናውን እናንተ አፍሉ፣ ስኒውንም እናንተ እጠቡ። ቤታችሁ ያለ ጥሩ መጽሐፍ ካለ በነጠላችሁ ሥር ይዛችሁላት ሂዱ። "ቶሎ ተነሺ" ከማለትም ይልቅ "ቀስ ብለሽ ተነሺ" በሏት።