የምላስ የምራቅ ዕጢ ካንሰር ምርመራ

የምላስ የምራቅ ዕጢ ካንሰር በምላስ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን የምራቅ ዕጢዎች የሚነሣ፣ እምብዛም የማይታይ የካንሰር ዓይነት ነው። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ጤነኛውን አመንጪ አካልም በሽታ የሆነውን እባጭም ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ «ዕጢ» የተባለው አመንጪው ብቻ ነው፤ በሽታው «እብጠት» ተብሏል።

አነሣሥ

ሰው ሦስት ጥንድ ትላልቅ የምራቅ ዕጢዎች አሉት። ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ጥቃቅን ዕጢዎች ደግሞ በከንፈር፣ በላንቃ፣ በምላስና በጉሮሮ ሽፋን ሥር ተበትነው ይገኛሉ። በምላስ ላይ ካንሰሩ በብዛት የሚነሣው ከኋለኛው ክፍል፣ ከምላስ ሥር ነው።

ምልክቶች

አብዛኛው የምላስ ካንሰር ከላይኛው ሽፋን ይጀምራል፤ ዋና አጋላጮቹ ትምባሆና አልኮል ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የማይድን ቁስል ሆኖ ይታያል። የዕጢው ካንሰር ግን ከሽፋኑ በታች ስለሚያድግ ላዩ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ አጭሶ የማያውቅ ሰውንም ይይዛል። የማያም እብጠት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የምላስ መደንዘዝ ወይም የጆሮ ሕመም ሊኖር ይችላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት መመርመር አለበት።

ምርመራ

ሐኪሙ ምላስንና አንገትን በጣቱ ይዳስሳል፤ የምላስን ሥር በመስተዋት ወይም በኢንዶስኮፕ ያያል። ኤም አር አይ የእብጠቱን ጥልቀት ያሳያል። ቁርጥ ያለውን መልስ የሚሰጠው ግን ባዮፕሲ ነው። ናሙናው ከላይ ብቻ ከተወሰደ ጤነኛ ሽፋን ሊወጣና በሽታው ሊታለፍ ስለሚችል፣ ከእብጠቱ ውስጥ መቆረጥ ይኖርበታል። ፓቶሎጂስቱ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የተባለው ዓይነት ብዙ ጊዜ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ሙኮኤፒደርሞይድ ካርሲኖማ ደግሞ ንፍጥ አመንጪ ሴሎች አሉት።

በአዲስ አበባ

በመርካቶና በአካባቢው የሚኖር ሰው ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት፣ በጉለሌ ወደሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊሄድ ይችላል። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛ ሆስፒታል ነበር።

የዓይነቱ መለየት ጥቅም

ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ሲሆን ብዙ ጊዜ ጨረር ይከተለዋል። አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ በነርቭ መስመር ይሰራጫል፤ ከሕክምና በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም በሳንባ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ደረት በሲቲ ስካን ይታያል፤ ታማሚው ደህና ቢመስልም ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል።