በትከሻ መካከል ስለሚሰማ የጀርባ ሕመም

በከተማችን ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ጀርባውን አሞት የማያውቅ ሠራተኛ ማግኘት ቀላል አይደለም። አጣና ተራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከባሕር ዛፍ አጣና ንግድ ነው፤ አጣናውም ከመኪና ወርዶ ከቤት ሠሪው ደጅ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሰው ትከሻ ነው። እናት ልጇን አዝላ ውኃ በጀሪካን ትቀዳለች፤ ሸማኔው እግሩን ከጉድጓድ አግብቶ፣ ጎንበስ ብሎ መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል። እናንተም መምህራን የተማሪ ደብተር ስታርሙ የምታመሹ ከዚሁ ማኅበር ናችሁ። ሕመሙ ሲመጣ ግን ለሁሉም የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ «ብርድ መታኝ» ይባላል። ይህ ስም አብዛኛውን ሰው አይጎዳውም፤ ጥቂቱን ግን እግሩን ሊያሳጣው ይችላልና ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ከደረት በስተኋላ ያሉት የሰረሰር አጥንቶች 12 ናቸው። ከጎድን አጥንት ጋር ተያይዘው ልብንና ሳንባን እንደ ቅርጫት ስለሚያቅፉ፣ እንደ አንገትና እንደ ወገብ አጥንት ብዙ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ በዚህ ስፍራ በአብዛኛው የሚያመው አጥንቱ ሳይሆን በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ያለው ጡንቻና ጅማት ነው። የአዋቂ ሰው ራስ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቀጥ ብለን ስንቀመጥ ክብደቱን ሰረሰር ይሸከመዋል፤ አጎንብሰን ስንውል ግን እነዚህ ጡንቻዎች፣ ልጓም እንደሚስብ ሰው፣ ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ ሲጎትቱት ይውላሉ።

እንዲህ ያለው ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ተኝቶ መክረም አያሻም፤ የተኛ ጀርባ ይደርቃልና። ደብተሩን ወደ ዓይን ማቅረብ እንጂ ዓይንን ወደ ደብተሩ ማውረድ አይገባም፤ የእጅ ስልክም እንደዚሁ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ትከሻን ወደ ኋላ ማሽከርከር፣ ማታም በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማኖር ይረዳል። ሸክም ሲነሣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ነው። ተሸካሚው የሚከፈለው በሸክሙ ብዛት መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ከፍሎ ማመላለስን የምንመክረው እሱን ብቻ ሳይሆን አሸካሚውንም ጭምር ነው።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየው የሰረሰር ቲቢ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ስለ ጻፈበት በስሙ ይጠራል። ተሕዋሲው ብዙ ጊዜ ከሳንባ ተነሥቶ በደም ተጉዞ ከሰረሰር አጥንት ይገባል። ሕመሙ ለሳምንታትና ለወራት እየባሰ ይሄዳል፤ ዕረፍት አያበርደውም። የማታ ትኩሳትና ላብ፣ የሰውነት መክሳት ሊከተል ይችላል። ሳል ግን ላይኖር ይችላል፤ ብዙውን ሰው የሚያታልለውም ይህ ነው። በመጨረሻ አጥንቱ ፈርሶ ጀርባ ይጎብጣል፤ በውስጡ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨፈለቅም እግር ይዝላል፣ ሽንት ያመልጣል። እዚህ ላይ ዋግምት ቀን ያስፈጃል፤ በኃይል ማሸትም የተበላውን አጥንት ሊጎዳው ይችላል። ወጌሻን ማናናቃችን አይደለም፤ እጅ የአጥንትን ውስጥ ስለማያይ ነው።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሳያቋርጡ ብዙ ወራት፣ እስከ አንድ ዓመትም መውሰድ ያስፈልጋል። የኮልፌ ሰው መጀመሪያ ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በዘነበወርቅ የሚገኘውና በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው አለርትም ዛሬ ከሥጋ ደዌ ሌላ ብዙ በሽታዎችን ያክማል።

ድንገት ደረትን አጨንቆ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያሻል።

ለመምህራን አንድ ነገር እንጨምር። ሰረሰሩ የታመመ ልጅ እርሳስ ሲወድቅበት እንደ ሌሎቹ አጎንብሶ አያነሣም፤ ጀርባውን ቀጥ እንዳደረገ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ከጉልበቱ አስደግፎ ያነሣል። ይህንን ያየ መምህር ልጁን እንደ ሰነፍ ሳይቈጥር በዚያው ቀን ወላጆቹን ያስጠራ።