የመስቀል ወፍ በጥር የት ነው?

ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ ድንገት ብቅ ያለ ዘመድ «የመስቀል ወፍ ሆንክብን!» ተብሎ ይወቀሳል። ለዘመዱ ይገባው ይሆናል። ወፉ ግን የሚወቀሰው ያለ ጥፋቱ ነው፤ በጥርም በመጋቢትም ከማሳው ዳር አልራቀም፤ ልብ ብሎ የሚያየው አጣ እንጂ።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ በጎጃም ከፈረስ ቤት ደጋ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ወይና ደጋ ድረስ፣ በሣርና በረግረግ ዳር ደምቀው የሚታዩት፣ የመስቀል ወፍ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች አንድ ዝርያ ብቻ አይደሉም። በከፍታው አገር አዘውትሮ የሚታየው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ገላው ጥቁር፣ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነ ወፍ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ዩፕሌክቴስ ካፔንሲስ ይባላል። ሞቅ ባለው ዝቅተኛ ስፍራ ደማቅ ቀይና ጥቁር የለበሰ ዘመዱ ይተካዋል። ሌላው ቪዱዋ ማክሮራ ነው፦ ምንቃሩ ቀይ፣ ላባው ጥቁርና ነጭ፣ ጭራው ከገላው የሚረዝም። የዚህኛው ሴት ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች፤ ባለጎጆዋም የእንግዳዋን ጫጩት ከራሷ ልጆች ጋር ታሳድጋለች።

በሁሉም ዘንድ የሚያጌጠው ወንዱ ነው፤ እሱም ለመራቢያው ወራት ብቻ። ወራቱ ሲያልፍ ደማቁን ላባ አራግፎ እንደ ሴቷ ቡናማና ዥንጉርጉር ይሆናል። ከዚያ ከሴቶቹና ከዘንድሮ ጫጩቶች ጋር በመንጋ ሆኖ በቃርሚያና በአውድማ ፍሬ ይለቅማል። ያየው ሁሉ «ድንቢጥ ነው» ወይም «ግሪሳ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ግን ለምን መስከረም? በአውሮፓ ወፎች የመራቢያቸውን ጊዜ የሚያውቁት በዋናነት በቀኑ መርዘም ነው። በጎጃም በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ትልቁ ምልክት ዝናብ ነው። ዝናቡ ሣሩን ያስረዝማል፤ ሣሩ ለጎጆ እርጥብ ቅጠል፣ ለጫጩት ደግሞ ነፍሳትና ለጋ ፍሬ ይሰጣል። ያን ጊዜ በወንዱ ደም ውስጥ የሚጨምሩት ሆርሞኖች አዲስ የሚበቅለውን ላባ መልክ ይለውጡታል። ቀዩና ቢጫው ቀለም የሚሠራው ከምግብ ከሚገኙ ካሮቲኖይድ ከተባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ ካሮትን የሚያቀሉትም እነዚሁ ናቸው።

ጌጡ ትርፍ እንዳለው የተረጋገጠው ብዙም ሳይርቅ፣ ኬንያ ውስጥ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ማልተ አንደርሾን ግማሽ ሜትር ገደማ ጭራ ያለውን የእነዚህን ወፎች የቅርብ ዘመድ ያጠና ነበር። የአንዳንዶቹን ጭራ ቆርጦ አሳጠረ፤ የተቆረጠውንም በማጣበቂያ ለሌሎቹ ቀጠለላቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ውጤት ግልጽ ነበር፦ ጭራቸው በረዘመላቸው ወንዶች ግዛት ውስጥ ብዙ ሴቶች ጎጆ ሠሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ያለው ግን አውስትራሊያ ነው። በደቡብ ምሥራቁ ቁጥቋጦ ውስጥ 10 ግራም ገደማ የሚመዝን ማሉሩስ ሲያኒየስ የተባለ ወፍ ይኖራል። ወንዱ በመራቢያው ጊዜ ብሩህ ሰማያዊ ይሆንና በኋላ ቡናማ ይለብሳል። ሰማያዊው እንደ ጎጃሞቹ ከምግብ አልመጣም፤ ብርሃን በላባው ጥቃቅን መዋቅር ላይ ሲበተን የሚፈጠር ነው። ተመራማሪዎች በወፎቹ እግር ላይ ባለ ቀለም ቀለበት እያሰሩ ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። ገና በብርዱ ወራት ቀድመው ሰማያዊ የሚሆኑት ወንዶች በሴቶቹ ዘንድ ይበልጥ ይፈለጋሉ። እነዚሁ ወንዶች ሰማያዊ ሲሆኑ፣ ቡናማ ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ ድንጉጥ ናቸው፤ ለሚስት የሚታይ ላባ ለጭላትም ይታያላ!

የመስቀልን ወፍ በበጋ መለየት ይቻላል? ቢጫ ትከሻ ያለውን ይቻላል። ወንዱ ቡናማ በሆነበት ወቅትም ከትከሻውና ከወገቡ ላይ ቢጫውን ፈጽሞ አይጥለውም። ሲቀመጥ ክንፉ ይሸፍነዋል፤ ሲነሣ ግን ቦግ ይላል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መቆምና መንጋው ከአውድማው ብድግ ሲል ወገብ ወገባቸውን ማየት ነው። ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ያለው ይጠቀምበት፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው የሚውሉ ልጆች ግን ያለ መነጽርም ከማንም የተሻለ ዕድል አላቸው። ወፉ ከእህሉም ስለሚቀምስ ልጆቹ እዚያ የሚውሉት በከንቱ አይደለም።

አውስትራሊያ በሌላ መንገድም ጎጃም ገብታለች። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ዛሬ የኮረብታውንና የማሳውን ዳር ይዟል። በትውልድ አገሩ ከሥሩ ቁጥቋጦ በሚበቅልበት ቦታ ማሉሩስ ይሸሸግበታል፤ እዚህ ግን ተጠጋግቶ ስለሚተከል ከሥሩ ሣርም ቁጥቋጦም እምብዛም አያስተርፍም። ለጣሪያው፣ ለማገዶውና ለልጆቹ ደብተር ሲል የተከለውን ገበሬ መውቀስ አይገባም። አንድ ነገር መጠየቅ ግን ይቻላል፦ የቀጋና የአጋም አጥርን ሙልጭ አድርጎ አለመመንጠር፣ በረግረጉ ዳር ያለውንም ረጅም ሣር ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ሳያጭዱ ማቆየት። ጎጆው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።