ስለ በጋ ብርቱ ነፋስና ከነፋሱ በኋላ ስለሚመጣው ሙቀት

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገር የበጋው ነፋስ በየዓመቱ ይመጣል፤ ከነፋሱም በኋላ ሙቀት ይከተላል። ይህን የማያውቅ ባላገር የለም። ዳሩ ግን ነገሩ እጅግ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ሳይዘጋጅ ይቀራል፤ ነፋሱ ጣራ ሲገልጥና እሳት ሲያዛምት፣ ሙቀቱም በጎተራ ውስጥ ነቀዝ ሲያፈላ፣ የደረሰው ጉዳት እንደ ድንገተኛ መዓት ይቈጠራል። ሁለቱ ግን ተራቸውን ጠብቀው የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ በነፋሱ ወራት ለሙቀቱ ወራት የሚዘጋጅ ሰው ከሁለቱም ጉዳት ይድናል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህንኑ ለአገር ገዥዎች፣ ለየወረዳው ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች በዝርዝር ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆን በአዲስ አበባ በመርካቶ የሚገኘው ምን አለሽ ተራ ተመርጧል። ስለ እርሻ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ የገበያ ሰፈር መነሣቱ አንባቢውን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ምን አለሽ ተራ አሮጌ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ ጀሪካንና ጠርሙስ የሚገዛበት፣ ብረቱም ተቀጥቅጦና ተበይዶ እንደ ገና ዕቃ ሆኖ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። ቆራሊዮ እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ሰዎች የሰበሰቡትን ወደዚያ ያገባሉ፤ ከዚያም ምድጃ፣ ምስማር፣ ዶማ፣ አካፋና የእህል በርሜል ይወጣል። እንግዲህ ነፋሱና ሙቀቱ የሚያደርሱት ጉዳትና ጉዳቱን የሚከላከለው ዕቃ በአንድ ስፍራ አብረው ይታያሉ።

ስለ ወራቱ አከፋፈል

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የአየር ጠባይ መርማሪዎች ግን የዝናቡን አመጣጥ ተከትለው በሦስት ይከፍሉታል፤ ይኸውም በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሹማምንት ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚወጣውን ትንበያ ሲሰሙ «በጋ» የሚለው ቃል በዚህ በሁለተኛው አከፋፈል የተነገረ መሆኑን ማወቅ ይገባቸዋል። አለዚያ ለጥቅምትና ለኅዳር የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ለጥርና ለየካቲት እየመሰላቸው ጊዜው ያልፍባቸዋል።

ስለ ነፋሱ ምክንያትና ኃይል

በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ርቃ ሳለች በሳይቤሪያና በዓረብ አገር ያለው ምድር ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ በዚያ ይከማቻል፤ ከዚያም ግፊቱ ወዳነሰበት ወደ ደቡብ ይፈስሳል። ወደ ኢትዮጵያ ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ የሚደርሰው ይህ ነፋስ አብዛኛውን መንገድ በየብስና በምድረ በዳ ላይ ስለሚያልፍ ደረቅ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ነፋሱ በቀኑ ሁሉ እኩል አይነፍስም። ማለዳ በመሬት አጠገብ ያለው ቀዝቃዛ አየር ጸጥ ብሎ ይተኛል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የታችኛው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ የሚሮጠውም ነፋስ በፈንታው ይወርዳል። ስለዚህ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ይበርዳል።

መሣሪያ የሌለው ሹም የነፋሱን ኃይል በምልክት ሊያውቀው ይችላል። ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1805 ያወጣው፣ ኋላም ለየብስ የተስማማው መለኪያ እንዲህ ይላል። ትልልቅ ቅርንጫፎች ሲወዛወዙና ጃንጥላ መያዝ ሲያስቸግር ነፋሱ በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ሲሰበሩና ፊት ለፊት መራመድ ሲያቅት ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር ደርሷል።

የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት አየሩ ቀጠን ያለ ነው፤ ቢሆንም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ያህል ሲገፋ፣ 72 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቆርቆሮ እንግዲህ 30 ኪሎ ያህል ኃይል ያርፍበታል፤ ይህም ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ነው። በጣራ ላይ ድንጋይ ጭኖ መተማመን የማይበቃው ስለዚህ ነው፤ ቆርቆሮው ሲነሣ ድንጋዩም በአላፊ አግዳሚው ላይ ይወድቃል። ነፋስ አጥብቆ የሚይዘው የጣራውን ጠርዝና ጫፍ ስለ ሆነ፣ በዚያ በኩል ምስማሩ ተቀራርቦ መመታት፣ ማገሩም ከግድግዳው ጋራ በሽቦ መታሰር አለበት። ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በጐድጓዳው ላይ አይመታ፤ በጐድጓዳው ላይ ከተመታ በክረምት ውሃ ያስገባል።

ስለ ውርጭ

ብዙ ሰው ውርጭን ከነፋስ ጋራ ያያይዘዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ነፋስ በሚነፍስበት ሌሊት የላይኛውና የታችኛው አየር ስለሚደባለቅ ውርጭ በቀላሉ አይወርድም። ውርጭ የሚያስፈራው ብርቱው ነፋስ በቆመበት፣ ሰማዩም በጠራበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ከነፋስ በኋላ ጸጥ ያለ ምሽት ሲመጣ ባላገሩ ዐረፍኩ ብሎ እንዳይተኛ፣ በመስኖ የሚለማ አትክልት ያለው ሰው መሬቱን በቀን እንዲያጠጣ ይነገረው፤ ርጥብ መሬት የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራልና።

ስለ እሳት

በደረቅ ነፋስ ወራት ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ቃጠሎ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሱቅና ንብረት አጥፍቷል፤ ሱቆቹ ተጠጋግተው የተሠሩ፣ መተላለፊያውም ጠባብ መሆኑ እሳት አጥፊዎቹን አስቸግሯል። ምን አለሽ ተራም እንዲሁ የተጠጋጋ ነው፤ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ብረት ይበየዳል፣ ፍንጣሪም ይወጣል። በአጠገቡ ደግሞ ካርቶን፣ ላስቲክና ጨርቅ ይከመራል። ነፋስ ፍንጣሪውን ወደ ክምሩ ካደረሰው የአንድ ሰው ሥራ የመንደሩ ሁሉ ጥፋት ይሆናል።

በገጠርም ያው ነው። የጭድ ክምር ከቤትና ከጎተራ ጋራ ከተያያዘ፣ ከምድጃ የወጣ አንድ ፍም የዓመቱን ምግብ ይወስዳል። ገለባ ማቃጠልም ማለዳ አየሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት ቢጀመር እንኳ ከረፋዱ በኋላ የሚነሣው ነፋስ ያዛምተዋል።

ነዳጅ ስለ ነበረበት በርሜል ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በርሜሉ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ጭስ መሰል ተን በእሳት ሲቈረጥ ይፈነዳል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ተኑ ይበዛል። ሠራተኛው ከመቍረጡ በፊት በርሜሉን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ ውሃ ሊሞላው ይገባል።

ስለ ሙቀቱና ስለ ነቀዝ

ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትመለሳለች፤ የሰሜኑም ቀዝቃዛ አየር ይደክማል። በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ፀሐይ በቀትር በአዲስ አበባ አናት ላይ ትቆማለች። የክረምቱ ደመና ገና ስላልመጣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የዓመቱ ሞቃት ወራት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርደው የአዲስ አበባ አየር፣ በመጋቢት ቀን እስከ 25 ዲግሪ ይደርሳል። በቆላማው አገር ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ለእህል ዋናው ነገር ይህ ነው። የስንዴና የበቆሎ ነቀዝ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ መራባቱን ያቋርጣል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ግን ከእንቁላል ተነሥቶ ሙሉ ነቀዝ ለመሆን አምስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። አንዲት ሴት ነቀዝም በዕድሜዋ እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። በጥር ንጹሕ መስሎ የታየ ጎተራ በሚያዝያ ዱቄት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጤፍ ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ነቀዝ በውስጡ አያድግበትም፤ ጉዳቱ የሚበረታው በበቆሎ፣ በስንዴ፣ በማሽላና በገብስ ነው።

ይህም ሆኖ ከሙቀቱ በፊት የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ዋጋ የማይከፈልበት ማድረቂያ ነው። ባላገሩ በአውድማ ላይ እህሉን በመንሽና በላይዳ ሲያነሣ ገለባውን ለነፋሱ ይሰጣል፤ ከዚያም እህሉን አስጥቶ ርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ እስኪወርድ ድረስ ቢያደርቀውና ብርዱ ሳያልፍ ቢያሽገው ሙቀቱ ሲመጣ አይፈራም። ድርቀቱን በቀላል መንገድ መመርመር ይቻላል። ከምን አለሽ ተራ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ እስከ ሢሶው እህል ተጨምሮበት፣ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ታክሎ፣ አፉ ተዘግቶ በደንብ ይናጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ ርጥበት ከመቶ 15 እጅ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው፤ ለሚታሸግ እህል ግን ጥቂት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ ያስፈልገዋል።

200 ሊትር የሚይዝ በርሜል አንድ ኩንታል ተኩል ያህል እህል ይይዛል። እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ክዳኑም ከአሮጌ የመኪና ጎማ በተቈረጠ ውስጠኛ ላስቲክ ተጠብቆ አየር እንዳይገባበት ከታሸገ፣ በውስጡ የቀረው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። ነገር ግን የተባይ መርዝ፣ ቀለም ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት በርሜልና ጀሪካን ቢታጠብም ለእህልም ለውሃም ከቶ አይሆንም። የምግብ ዘይት የነበረበት ይመረጥ። ምን እንደ ነበረበት ያልታወቀው ተቈርጦ ለአጥር ይዋል እንጂ ለምግብ ዕቃነት አይሸጥ።

ከዚህም በላይ የአገሩ ሙቀት ራሱ እየጨመረ ሄዷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል። ስለዚህ አባቶች በብርዱ ተማምነው እህል ያኖሩበት ደጋ ወደ ፊትም በብርዱ ብቻ ይጠበቃል ማለት አይቻልም።

ከሹማምንት የሚጠበቅ ሥራ

1ኛ፤ የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ በወጣ ጊዜ በገበያ ቀንና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ሁሉ ማስነገር።

2ኛ፤ ከጥቅምት ወር ጀምሮ የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የእህል መጋዘን ጣራዎች እንዲመረመሩ፣ ያላላው ምስማርና ሽቦ እንዲጠብቅ ማድረግ።

3ኛ፤ በገበያ ውስጥ የእሳት አጥፊ መኪና የሚያልፍበት መንገድ በዕቃ እንዳይዘጋ፣ ብየዳ በሚደረግበት ስፍራም ውሃና አሸዋ እንዲቀመጥ ማዘዝ።

4ኛ፤ የጭድ ክምር ከቤትና ከጎተራ እንዲርቅ፣ ነፋስ በበረታበት ቀን በሜዳ እሳት እንዳይለኰስ መከልከል።

5ኛ፤ የመርዝ ዕቃዎች ለእህል መያዣ እንዳይሸጡ መቈጣጠር፤ ባላገሩም ሲገዛ ምን እንደ ነበረበት እንዲጠይቅ ማስተማር።

6ኛ፤ እህሉ ደርቆና ተበጥሮ ከጥር ወር መጨረሻ በፊት እንዲታሸግ ባላገሩን ማሳሰብ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ምስማሩ፣ ሽቦው፣ ጠርሙሱና በርሜሉ ሌላው ሰው የጣላቸው ዕቃዎች ናቸው። የሚጠይቀው ጊዜውን ማወቅ ነው። በጥር የታሸገ እህል በነሐሴ ቤተ ሰብ ይመግባል፤ እስከ መጋቢት ተከፍቶ የቆየው ግን የነቀዝ ቀለብ ይሆናል።