ተረትና እውነታ፦ የፋሽን ፎቶ ገንዘቡ ከወዴት ነው?

ስለ ፋሽን ስታይሊስቶችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ሲወራ ብዙ ሰው የሚይዘው አንድ ግምት አለ፤ ሥራው በታየ ቁጥር ገንዘቡም ይበዛል የሚል። ፎቶው የታዋቂው የፋሽን መጽሔት የ«ቮግ» ሽፋን ላይ ከወጣ፣ ያነሳውም ሆነ ልብሱን መርጦ ያለበሰው ባለሙያ ኪሱ ሞልቷል ይባላል። ነጭ ግድግዳ ፊት ለኦንላይን ሱቅ ሸሚዝና ሱሪ ሲያነሳ የሚውለው ደግሞ ጀማሪ ወይም ዕድል ፊቷን ያዞረችበት ተደርጎ ይታያል። እውነታው ከሞላ ጎደል የዚህ ግልባጭ ነው። በዚህ ሙያ ስም የሚያስገኘው ሥራና ኪራይ የሚከፍለው ሥራ አንድ ሆነው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው። የክፍያውን መጠን የሚወስነውም የፎቶው ውበት ወይም የመጽሔቱ ዝና ሳይሆን፣ ፎቶውን ማን፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ ሊጠቀምበት መብት አለው የሚለው ጥያቄ ነው።

ሥራውን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ባለሙያዎቹ ኤዲቶሪያል የሚሉት፣ በመጽሔት ገጾች ላይ እንደ አንድ ታሪክ ተያይዞ የሚቀርበው የፋሽን ፎቶ ነው። በኒውዮርክ ስመ ጥር የሚባል መጽሔት እንኳ ለዚህ በቀን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ከትናንሾቹ መጽሔቶች ብዙዎቹ ጨርሶ አይከፍሉም፤ የስቱዲዮውን ኪራይና የቡድኑን ምሳ ፎቶግራፍ አንሺው ከኪሱ የሚችልበት ጊዜም አለ። ሁለተኛው የካታሎግና የኦንላይን ሽያጭ ፎቶ ነው። እዚህ ስሙን የሚጽፍለት የለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንዱ ልብስ ሲወልቅ ሌላው ሲለበስ፣ ፊት ለፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ሲባል ይዋላል። ክፍያው ግን የታወቀ የቀን ሒሳብ ነው፤ ደንበኛው ከረካም በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ ይጠራል። ሦስተኛው ማስታወቂያ ሲሆን ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። ሶሲዮሎጂስቷ አሽሊ ሚርስ ራሷ በሞዴልነት እየሠራች ያካሄደችውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 «ፕራይሲንግ ቢዩቲ» በሚል መጽሐፍ ስታወጣ፣ በሞዴሎች ዘንድ ያገኘችው ይህንኑ ነው፦ ክብር ያለው የመጽሔት ሥራ ሳንቲም ሲከፍል፣ ማንም የማያስታውሰው የካታሎግ ሥራ ኑሮን ይደጉማል። ለስታይሊስቱና ለፎቶግራፍ አንሺውም መሰላሉ ያው ነው።

ታዲያ ሰው ለምን በሳንቲም ይሠራል? መጽሔቱ የሚከፍለው በሌላ ገንዘብ ስለሆነ ነው፤ በስም። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኢርቪንግ ፔን የመጀመሪያ የ«ቮግ» ሽፋኑን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከመጽሔቱ አልተለየም። ይሁንና ያው ሰው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመዋቢያ ኩባንያውን የክሊኒክን የክሬምና የሳሙና ዕቃዎች ለማስታወቂያ ሲያነሳ ኖሯል። ቤተ መዘክር የሚሰቅለው ፎቶና የመዋቢያ ብልቃጥ ፎቶ ከአንድ እጅ ይወጡ ነበር። ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደግሞ ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ሊያ ከበደ ናት። የፈረንሳዩ «ቮግ» የግንቦት 2002 (እ.ኤ.አ.) እትሙን ከሽፋኑ ጀምሮ ለእሷ ሰጠ፤ በዓመቱ ኤስቴ ላውደር የመዋቢያ ምርቶቹ ፊት አድርጎ አስፈረማት። በዚያ እትም ገጾች ላይ የነበሩት ስታይሊስቶችና ፎቶግራፍ አንሺዎችም ገጾቹን የሚያዩት እንደዚሁ ነው፤ ለማስታወቂያ ድርጅቶች እንደሚያሳዩት የችሎታ ማስረጃ።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ኤዲቶሪያል ኢንቨስትመንት ነው፤ ዛሬ በነጻ የሠራ ነገ ያገኛል» የሚል መከራከሪያ ይመጣል። ከፊሉ እውነት ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ሊያን የምናውቃት ስለተሳካላት ነው፤ በዚያው ዓመት በሳንቲም ሠርተው ማስታወቂያው ያልመጣላቸውን የሚቆጥራቸው የለም። ኢንቨስትመንት ከተባለም መነሻ ገንዘብ ይፈልጋል። ሁለትና ሦስት ዓመት ያለ ገቢ ኒውዮርክ ወይም ለንደን ተቀምጦ መጠበቅ የሚችለው ከኋላው ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ችሎታን ያጣራል የሚባለው ወንፊት በተግባር የሚያጣራው አቅምን ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ብሂላችን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አከራይ ግን በየወሩ መጀመሪያ ነው የሚመጣው።

የስታይሊስቱን ሥራ በቅርብ ስናየው ሒሳቡ የባሰ ይከፋል። ብዙ ሰው ስታይሊስት ማለት ፎቶ በሚነሳበት ቀን መጥቶ «ይሄኛው ቀሚስ ይሻላል» የሚል ሰው ይመስለዋል። የፎቶው ቀን ግን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አስቀድሞ ለየልብስ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ደብዳቤ ይጻፋል፤ የትኛው ናሙና ነጻ እንደሆነ፣ የትኛው ለሌላ መጽሔት እንደተያዘ ይጠየቃል። በየቦታው ተዙሮ ልብሱ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባ ተመዝግቦ ጉድለት ካለው ፎቶ ይነሳል። በፎቶው ዕለት ልብሱ በእንፋሎት ይተኮሳል፤ የሰፋው ከጀርባ በመርፌ ቁልፍና በመቆንጠጫ ይያዛል፤ መሬት ነክቶ እንዳይቆሽሽ የጫማው ሶል በፕላስተር ይሸፈናል፤ የዋጋ ምልክቱ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በማግስቱ ደግሞ ያ ሁሉ ልብስ እንደመጣው ሆኖ በየሻንጣው ይመለሳል። አንድ የጆሮ ጌጥ ከጠፋ ተጠያቂው ስታይሊስቱ ነው። ለምሳሌ መጽሔቱ ለአንድ ታሪክ 500 ዶላር ከፈለ እንበል። ለረዳት 200፣ ለመጓጓዣና ለመልእክተኛ 150 ወጣ። የቀረው 150 ዶላር ሦስት ቀን ለመሰብሰብ፣ አንድ ቀን ለማንሳት፣ አንድ ቀን ለመመለስ ሲካፈል በቀን 30 ዶላር ነው፤ ያውም ግብር ሳይነሳለት።

«ቢሆንም ልብሱ ይቀርላቸዋል» የሚለው ወሬ ከዚህ በኋላ ብዙ አያስኬድም። የናሙና ልብስ አንድ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ሌላ ከተማ ውስጥ ይጠበቃል። ስጦታ የለም ማለት አይደለም፤ አለ፤ እንዲያውም ችግሩ አንዳንዴ ስጦታው ራሱ ነው። ጣሊያናዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጁሊያ ሜንሲቲየሪ ስለ ፓሪስ የፋሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ በታላላቅ ቤቶች ጫማና ቦርሳ አጊጠው የወር ወጪያቸውን መሸፈን ያቃታቸው፣ ለሠሩበትም በገንዘብ ፋንታ የዚያው ሱቅ የግዢ ኩፖን የተሰጣቸው ባለሙያዎች አሉ። ኩፖኑ ቁጥሩ ዳጎስ ያለ ቢሆንም ዳቦ ቤት አይወስደውም። እንዲያውም ባለሙያው ለብሶት ሲታይ ለኩባንያው ያለ ክፍያ ማስታወቂያ ይሆናል።

ለመጽሔቶቹ የሚቆም ሰው «እነሱም እኮ ገንዘብ የላቸውም» ይል ይሆናል። ይህም ልክ ነው፤ የኅትመት ማስታወቂያ ገቢ ከቀነሰ ቆይቷል። ነገር ግን የፋሽን ገጹን ግርጌ ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያያል፦ ኮቱ የማን እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚሸጥ በትንንሽ ፊደል ተዘርዝሯል። ከዚህም በላይ፣ በመጽሔቱ ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ቤቶች ልብስ በታሪኩ ውስጥ እንዲገባ ለስታይሊስቱ ስም ዝርዝር የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ከሆነ ገጹ የጥበብ ነጻነት ነው ተብሎ በርካሽ የተሠራ የሽያጭ አገልግሎት ነው። ልብሱን የሚሸጠው ቤት ይጠቀማል፤ መጽሔቱ አስተዋዋቂውን ያስደስታል፤ ወጪው ግን ሁለቱም ጋ ሳይሆን ባለሙያው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥያቄው መጽሔቱ አለው ወይስ የለውም ሳይሆን፣ ያለው ወገን ለምን አልከፈለም ነው።

ወደ ትልቁ ገንዘብ እንምጣ። «ፎቶውን ያስነሳና የከፈለ ባለቤቱ ነው» የሚለው እምነት ከሁሉም ሥር የሰደደ ነው። በአሜሪካ ሕግ በግሉ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ መብቱን በጽሑፍ ካላስተላለፈ በስተቀር የቅጂ መብቱ የራሱ ነው፤ ደንበኛው የሚገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። የማስታወቂያ ክፍያ ሁለት መልክ ያለውም ለዚህ ነው፦ አንዱ ለሥራው ቀን፣ ሌላው ለአጠቃቀሙ። ለአንድ ዓመት፣ ለአሜሪካ ብቻ፣ ለኢንተርኔት ብቻ ተብሎ የተሸጠ ፎቶ ወደ አውሮፓ የመንገድ ሰሌዳ ሲሻገር እንደገና ይከፈልበታል። ወኪል ካለ ከዚህ ላይ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይወስዳል። ውሉ ላይ «ለዘላለም፣ በዓለም ዙሪያ፣ በማናቸውም ዘዴ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከገባ ግን የነገው ገቢ በሙሉ በዛሬው ዋጋ ተሸጠ ማለት ነው። መብቱ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ለማየት ፎቶግራፍ አንሺዋን አኒ ሌቦቪትዝን ማስታወስ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለወሰደችው 24 ሚሊዮን ዶላር ብድር ከቤቶቿ ጋር ያስያዘችው የፎቶዎቿን መብት ነበር።

አገር ቤት የሚሠራ ሰው ይህን አንብቦ «መብቱ የእኔ ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ ግን መጠንቀቅ አለበት። በእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። የፎቶግራፍ ጥበቃውም ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ ለአብዛኞቹ ሌሎች ሥራዎች ግን የደራሲው ዕድሜና ተጨማሪ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ ኒውዮርክ ውስጥ ዝም ማለት ፎቶግራፍ አንሺውን ሲጠቅም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዝም ማለት ደንበኛውን ይጠቅማል። ለአንድ የልብስ ዲዛይነር ስብስቡን አንስቶ ቀብዱንና ቀሪውን በቃል ተስማምቶ የወሰደ ሰው፣ ፎቶው በማግስቱ የባንክ ማስታወቂያ ላይ ቢያገኘው የሚከራከርበት ወረቀት የለውም።

ስታይሊስቱስ? እዚህ ላይ ታሪኩ አስገራሚ ነው። ፎቶግራፍ የጥበብ ሥራ ነው ወይስ የማሽን ውጤት የሚለው ክርክር በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እልባት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ናፖሊዮን ሳሮኒ ደራሲውን ኦስካር ዋይልድን ያነሳበትን ፎቶ አንድ የኅትመት ድርጅት 85,000 ቅጂ አትሞ ሸጠው። ሳሮኒ ከሰሰና 610 ዶላር ተፈረደለት። ፍርድ ቤቱ ሳሮኒን ደራሲ ያደረገበት ምክንያት አቀማመጡን፣ ብርሃኑን፣ እንዲሁም ልብሱንና መጋረጃውን መርጦ ማደላደሉ ነው። ልብስ መርጦ ማደላደል ዛሬ የማን ሥራ እንደሆነ ግልጽ ነው። ፎቶን ፈጠራ ካሰኙት ምክንያቶች አንዱ የስታይሊስቱ ሙያ ሆኖ ሳለ፣ መብቱ ካሜራውን የያዘው ጋ ቀረ። ከአንድ ፎቶ ፎቶግራፍ አንሺው ለዓመታት የአጠቃቀም ክፍያ ሊሰበስብ ሲችል፣ ስታይሊስቱ በልማድ የሚያገኘው የቀናቱን ብቻ ነው። አንዳንዶች ይህ ተገቢ ነው ይላሉ፤ ልብሱን የሰፋው ዲዛይነሩ ነው፣ ስታይሊስቱ ያጣመረው ብቻ ነው ብለው። ፎቶግራፍ አንሺውም ግን ፊቱን አልፈጠረም፤ ብርሃንና ማዕዘን ነው ያጣመረው።

ክፍያው ሲመጣም በጊዜው አይመጣም፤ 60ና 90 ቀን መጠበቅ የተለመደ ነበር፣ ነውም። ኒውዮርክ ከተማ ከግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ የግል ሥራ የጽሑፍ ውል እንዲኖር፣ ውሉ ቀን ካልቆረጠም በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈል በሕግ አስገድዳለች፤ የኒውዮርክ ግዛትም በነሐሴ 2024 ተከትላታለች። ከሰኔ 2025 ጀምሮ ደግሞ የግዛቲቱ የፋሽን ሠራተኞች ሕግ የሞዴልን ዲጂታል አምሳል ለመሥራትና ለመጠቀም ዓላማውን፣ ክፍያውንና ጊዜውን የሚገልጽ የተለየ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። በዚያው ዓመት የልብስ ኩባንያው ኤች ኤንድ ኤም 30 ሞዴሎችን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አባዝቶ እንደሚጠቀም፣ የአምሳሉ ባለመብቶችም ሞዴሎቹ ራሳቸው እንደሚሆኑ አስታውቋል። አምሳሉ ልብስ ሲቀያይር ስቱዲዮ የሚከራይ፣ ልብስ የሚተኩስ፣ ጫማ በፕላስተር የሚሸፍን አያስፈልግም። ሕጉ የሚጠብቀው ሞዴሎችን ነው፤ ስታይሊስትና ፎቶግራፍ አንሺ በውስጡ የሉም። እነሱ ያላቸው መከላከያ ሥራው ሳይጀመር የሚፈረመው ውል ነው፤ ወሳኙም እዚያ ውስጥ ፎቶው ማሽን ለማሠልጠን ይውል እንደሆነና በምን ዋጋ እንደሚውል የሚናገር አንቀጽ መኖር አለመኖሩ ነው።