ከሞፈር ወደ ጉግስ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ከተማ በፈረስ ትጥለቀለቃለች። ከአዊ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች የተሰባሰቡ ፈረሰኞች በየቡድናቸው እየፎከሩ ወደ ሜዳው ይገባሉ። ጉግሱ አለ፣ ሶምሶማው አለ፣ ሽምጥ ግልቢያው አለ። ዳማው፣ ቦራው፣ አምባላዩና ጉራቻው በቀለም ባሸበረቀ ግላስ አጊጠው ሲመጡ ላየ እንግዳ፣ ብዙዎቹ በእርሻ ወቅት ቀንበር የሚሸከሙ ፈረሶች ናቸው ቢሉት ለማመን ይቸገራል። በአዊ ምድር ግን ፈረስ እንደ በሬ ተጠምዶ ያርሳል፣ ጭነት ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፤ በዓሉ ሲደርስ ደግሞ ይወዳደራል።

የሚጋልቡትም ሰዎች እንደ ፈረሶቻቸው ናቸው። ደመወዝ የሚከፈለው ጋላቢ በመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። የፈረስ ውድድር ሀብት ላለው ሰው ብቻ የተፈቀደ መዝናኛ ለሚመስለው ሁሉ እንጅባራ ጥሩ መልስ አላት። እዚህ ውድድሩ የሚጀምረው በቤት ካለው ፈረስና ከፈረሱ ጋር ካደገው ሰው ነው።

በዓሉን የሚያሰናዳው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር በነበረችበት ዘመን ነው። ዓላማውም በአድዋ ጦርነት የተሳተፉ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን መዘከር ነበር። ዕለቱም በዋዛ አልተመረጠም፤ የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ሲሆን፣ ጥር 23ም የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ዛሬ የማኅበሩ አባላት ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። አባልነቱ ለአንድ ቀን ትርኢት ብቻ አይደለም። ፈረሰኞቹ በሠርግና በለቅሶ አብረው ይቆማሉ፣ የተጣላም ያስታርቃሉ።

ፈረስ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የነበረውን ክብር ለመረዳት የጀግኖቹን የፈረስ ስም ማስታወስ ይበቃል። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ተብለው ይጠሩ ነበር። ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው።

ጉግስ የዚያ ዘመን የጦር ሜዳ ልምምድ ነው። ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። አንዱ ፈረሰኛ ከወገኑ ተነጥሎ ይወጣና ተጋጣሚዎቹን ተፈታትኖ ይሸሻል፤ ከወዲያ ወገን ያለው ዘንጉን ጨብጦ ይከተለዋል። አሳዳጁ ርቀቱን ገምቶ ዘንጉን ሲወረውር፣ ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል፤ ያም ካልሆነ በፈረሱ አንገት ላይ ልጥፍ ብሎ ወይም ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ያሳልፈዋል። ከወገኑ ሲደርስ ተራው ይቀየራል፤ አሳዳጅ የነበረው ይሸሻል፣ ሸሺው ወገን ያሳድዳል።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ የፈረሰኛው አንድ እጅ በጋሻ ወይም በዘንግ ተይዟል። ስለዚህ ፈረሱን የሚመራው በልጓም ብቻ ሳይሆን በጭኑ፣ በተረከዙና በክብደቱ ነው። የጥንቱ የአገር ቤት እርካብ ደግሞ ጠባብ ቀለበት ነበር፤ የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው። በዚያች ቀለበት ተደግፎ፣ በሽምጥ ግልቢያ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ዘንግ መመከት የዓመታት ልምምድ ውጤት ነው።

ፈረሱም በበኩሉ ዝግጅት ይፈልጋል። ፈረስ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ አየር የሚስበው በአፍንጫው ብቻ ነው። በግልቢያ ላይ ደግሞ ትንፋሹ ከእርምጃው ጋር ስለሚተሳሰር፣ በአንድ ዝላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል። አርፎ ሳለ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ የሚመታው ልቡ በሙሉ ግልቢያ ከ200 ሊያልፍ ይችላል። ሳይለማመድ የከረመን ፈረስ በበዓል ቀን ድንገት ማስጋለብ በደል የሚሆነው ለዚህ ነው። ልምድ ያለው ፈረሰኛ ከሳምንታት በፊት በእርምጃ ይጀምራል፣ ወደ ሶምሶማ ያሳድገዋል፣ ከዚያ ወደ ደንገላሳ፣ በመጨረሻም ወደ ግልቢያ። ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ጀርባውን በእጁ ይዳብሳል፤ ከግላሱ ሥር የገባች አንዲት ጠጠር ወይም እጥፋት ፈረሱን ታገጥበዋለች። ከሩጫ በኋላም ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ በዝግታ ያራምደዋል።

በዓለም አቀፉ የረጅም ርቀት የፈረስ ውድድር ይህ ጥንቃቄ ሕግ ሆኗል። በየምዕራፉ ፈረሱን የእንስሳት ሐኪም ይመረምረዋል፤ የልብ ምቱ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ወደ 64 ካልወረደ ከውድድሩ ይሰናበታል። አንደኛ ሆኖ የደረሰ ፈረሰኛ እንኳ ፈረሱ ምርመራውን ካላለፈ ድሉን ያጣል። እንዲህ ያለው ሕግ በአገራችን ሜዳዎችም ቢለመድ ፈረሶቻችን ይጠቀማሉ።

በሌላው ዓለምም አብዛኛው ተወዳዳሪ ትርፍ ጊዜውን ለፈረስ የሰጠ ተራ ሰው ነው። በመሰናክል ዝላይ ጀማሪዎች ከ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ይነሣሉ፤ አንድ አግዳሚ የጣለ 4 የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል። በሥልት ግልቢያ ደግሞ ዳኞች የፈረሱን አረማመድ፣ አዟዟርና ታዛዥነት እያዩ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። በእነዚህ ውድድሮች ወንድና ሴት በአንድ ሜዳ፣ በአንድ መስፈርት ይወዳደራሉ። ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርተል በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች እግሮቿ ሽባ ሆነው ሳለ በ1952 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱም በ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሊምፒክ ሲወዳደር ዕድሜው 71 ነበር።

የኢትዮጵያ ፈረሶች ቁመታቸው አጭር ነው። በዓለም አቀፍ መለኪያ ከ148 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ ፖኒ ይባላል፤ አብዛኞቹ የእኛ ፈረሶች በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ተመራማሪዎች በአገሪቱ ስምንት የፈረስ ዓይነቶችን የለዩ ሲሆን፣ የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የከፋና የኩንዱዶ ፈረሶች ከእነሱ መካከል ናቸው። አጭር ቁመታቸው ለጀማሪ እንዲያውም ይመቻል፤ መውጣቱም መውረዱም ይቀላል፣ አወዳደቁም ከከፍታ አይደለም።

መማር የሚሻ ሰው ከግልቢያ መጀመር የለበትም። መጀመሪያ ፈረሱን መቅረብ፣ መቦረሽ፣ ኮርቻና ልጓም መጫን ይማር፤ ከዚያ በሚያውቅ ሰው እየተመራ በእርምጃ ይቀመጥበት። የራስ ቁር ያድርግ፤ ጫማው ጠንከር ያለ፣ ተረከዙም ትንሽ ከፍ ያለ ቢሆን እግሩ በእርካቡ ሾልኮ አይቀረቀርም። አዲስ አበባ ውስጥ እንጦጦ ፓርክ በፈረስ ላይ መቀመጥን ለመሞከር ይመቻል። ጉግሱን በዓይኑ ለማየት የፈለገ ደግሞ ጥር 23 ከመድረሱ አስቀድሞ እንጅባራ ማደሪያ ይያዝ። የደጋው ጠዋት ስለሚበርድ ጋቢውን አይርሳ፤ ፈረሰኞቹ ሲሰለፉ ለማየት በማለዳ ሜዳው ላይ መገኘት አለበት።